ቦረቦር ዳር የተጠራ ደቦ

ኤርጎ ሰው ማመስገን የጀመረው በአርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የሚያመሰግነው ሰው አላገኘም ነበር፤ ቢያገኝም አላየውም። እርሱ አሳምሮ የሚያውቀው ቂም መያዝ ነበር። ማን ከአጥሩ ደጅ እንዳስቆመው፣ ማን ስሙን ትቶ «አንተ ማና» ብሎ እንደጠራው፣ ማን ውሃ ሲለምነው በቅል መስጠቱን ትቶ በእንሰት ቅጠል እንዳፈሰሰለት፣ ሁሉንም በየስማቸው ያውቃል። ሌላው ሰው ከብቱን እንደሚያውቅ ኤርጎ በዳዮቹን ያውቃል፤ ሲመሽም ቆጥሮ ያስገባቸዋል።

ቀጥቃጭ ነው። አባቱም ቀጥቃጭ ነበር። ሚስቱ ዘሪቱ ደግሞ ሸክላ ትሠራለች። በአሪ አገር እንዲህ ያለው ሰው ማና ይባላል። ገበሬው ማና የቀጠቀጠው ዶማ ከሌለው አንድ ጋት መሬት አይቆፍርም፤ የማና ሚስት የሠራችው ጋን ከሌለው ቦርዴ አይጠምቅም። ቤታቸው ግን አይገባም፣ ከእጃቸው አይበላም፣ በቅላቸው አይጠጣም። ለምን ሲባል «ድሮም እንዲህ ነው» ይላል። ድሮ ደግሞ እንደ ሰው ሽማግሌ ፊት ተጠርቶ አይጠየቅ። ኤርጎ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረውም በር ሥር ተቀምጦ ነው፤ አግዳሚው ላይ አብሮት የሚቀመጥ ልጅ አልተገኘማ። ፊደሉን ከበር ሥር ሆኖም አየው። አንገቱ ግን በዚያው ጠምዘዝ እንዳለ ቀረ፤ ሰውን የሚያየው በጎን ነው ይሉታል።

በስድሳ ሰባት መሬት ለአራሹ ሲታወጅ፣ ከጂንካ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ቀበሌያቸውም የገበሬ ማኅበር ተቋቋመና ማናም መሬት ይገባዋል ተባለ። ከዘሩ መሬት የያዘ የመጀመሪያው ሰው ኤርጎ ሆነ። የደረሰው ግን ማንም ያልፈለገው ቁራሽ ነበር፤ ከቀበሌው ግርጌ፣ ቦረቦሩ ጠርዝ ላይ። ቦረቦሩ ያን ጊዜ ጎረምሳ ሮጦ የሚዘለው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በየበልጉ አንድ ክንድ ሁለት ክንድ እየገመጠ በአሥር ዓመት ውስጥ ላም የማትሻገረው ገደል ሆነ። ከላይ ያለው ተራራ ደኑ አልቆ ራሰ በራ ሆኗል፤ ጎርፉ ሁሉ በዚያ ገደል ይወርድና ነሪ ወንዝ ይገባል። ነሪ ቀልቶ ሲወርድ የጂንካ ሰው ዳር ቆሞ «የአሪ አፈር መጣ» ይላል። ኤርጎ «የእኔ ነው» ይላል በሆዱ።

ከቤቱ በር እስከ ገደሉ አርባ እርምጃ ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ አሥራ አራት ቀረው። ጎደሬው ግማሽ በግማሽ ሄዷል፤ ከቡናው እግር ሦስቱ ሥራቸው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚመጣው በልግ እንደ አምናው ከበረታ ቤቱም አይቀርም። ማኅበሩ ዘንድ ደግሞ ለመተኪያ የሚሰጥ መሬት የለም። መሬት ያጣ ማና ወዴት እንደሚመለስ ኤርጎ ያውቀዋል፤ ወደ ሰው አጥር ደጅ ነው። እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር።

በጥር መገባደጃ ንጉሤ የሚባል የግብርና ልማት ሠራተኛ ከጂንካ በእግሩ ወጣ። የሳውላ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲ የሚጫማ። የማኅበሩን ሰው ሾላው ሥር ሰበሰበና አፈር ከምሮ በጆግ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው ክምሩን ሰንጥቆ ወረደ። ንጉሤ በአማርኛ የሚለውን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አበራ ወደ አሪኛ ይመልሳል። አበራ ሽበታም ነው፣ ለነገር የማይቸኩል፤ ሁለት ቃል ለመመለስ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ጓድ ንጉሤ» አለ ወንድይፍራው። የዚህ ሰው አባት ከሰሜን መጥቶ የሰፈረ ነው፤ እርሱ ግን አሪኛን እንደ አሪ ይናገራል፤ ሳይቀልድ መዋልም አይሆንለትም። «ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድማ አባቴም ነግሮኝ ነበር።»

ሰው ሳቀ።

«ወደ አናቱ ወጥተህ ያዘው ብሎስ ነግሮህ ነበር?» አለ ንጉሤ።

«እሱን እንኳ አልነገረኝም።»

«እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ነገሩን አፍታቶ ነገራቸው። ቦረቦር የሚታከመው ከአናቱ ነው። በመጀመሪያ ከገደሉ ራስ በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል፤ ቦዩ ውሃውን ወደ አለታማው ሣር ያወጣዋል። ቀጥሎ ገደሉ ውስጥ በድንጋይና በግንድ ክትር ይሠራል፤ ክትሩ ደለል ይይዛል። ተራራው ላይ ደግሞ እርከን ይወጣል፣ ችግኝ ይተከላል። ሥራው በምግብ ለሥራ ነው፤ ለሚሠራ ሁሉ ስንዴና ዘይት ይመጣል። ይህን ጊዜ እጅ ያላወጣ ሰው አልነበረም። ኤርጎም አወጣ። «ከእኔ በኩል ጀምሩልኝ» ሊል ነበር፤ ከአናቱ ነው የሚጀመረው ስለተባለ ዋጠው። የዋጠውንም ከሌላው ቂሙ ጋር አስቀመጠው።

በሳምንቱ አበራ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ስንዴው አይመጣም። ሰሜን ሰው በረሃብ እያለቀ ነው፤ እህሉ ሁሉ ወደዚያ ዞሯል። ይህን የሰማ ሰው አላጉረመረመም፤ ሰው እየሞተ ስንዴዬ የሚል አፍ በቀበሌው አልነበረም። አንዳንዱ እዚያው ቆሞ ጸለየ። ነገር ግን ሥራውም አብሮ ቀረ፤ «ስንዴው ሲመጣ» ተባብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ያለ ስንዴ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ደቦ። ሥራ የከበደው ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤት ዶማውን ይዞ ይመጣል፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል። ሳያበላና ሳያጠጣ የቀረ ሰው ደቦ ጠራ አይባልም፤ ሰው በነፃ አሠራ ነው የሚባለው፤ ስሙ ይጠፋል። እንግዲህ ከእጁ የማይበላለት ሰው ደቦ እንዴት ብሎ ይጠራል? ኤርጎ ይህን ሲያሰላስል ሰነበተና ብቻውን ሊሠራ ተነሣ።

ስድስት ቀን ከዘሪቱ ጋር ድንጋይ ተሸከሙ። ግንድ አጋድሞ፣ ድንጋይ ክቦ፣ መሬቱ አጠገብ ገደሉን ዘጋው። ንጉሤ ያሳየውን በጎን ሆኖ አይቷል፤ ሁሉንም ግን አላየም። ያላየው እንዳለ ሆኖ፣ ያየውንም አውቆ አጣመመው። በራሱ በኩል ካቡን ከፍ አደረገው፣ በማዶው በኩል ዝቅ።

«ዘመመብህ እኮ» አለች ዘሪቱ።

«ተይው።»

«የአበዛሽ እንሰት ነው ማዶ ያለው።»

«ተይው አልኩሽ።»

አበዛሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መሬቷ ከማዶው ጠርዝ ጀምሮ ሽቅብ እስከ ቦረቦሩ አናት ይደርሳል። ኤርጎ ወጣት ሳለ፣ የተሳለ ዶማ ሊያደርስ በቀትር ፀሐይ ደጇ ሄዶ ውሃ ቢለምናት በእንሰት ቅጠል ያፈሰሰችለት እርሷ ነበረች። ውሃው ክንዱ ላይ ፈስሶ ግማሹን እንኳ አልጠጣውም። ሃያ ዓመት አልፎታል። ክንዱ ግን አልደረቀም።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ በልጉ ገና ሳይገባ፣ አንድ የተሳሳተ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ክትሩን ገፋ አድርጎ አየና ዝቅ ወዳለው ዞረ። የካቡ ጫፍ ዳርቻው ውስጥ ተቆፍሮ አልተቀበረም ነበር፤ ውሃው በዚያ ቀዳዳ አበጀና የማዶውን ጠርዝ ገመጠው። የኤርጎ አሥራ አራት እርምጃ አልተነካም። ሊነጋ ሲል ወጥቶ አየ። የአበዛሽ እንሰት፣ ትልልቁ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ገደሉ ውስጥ ተዘርሯል። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። አላለውም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል አበዛሽ ራሷ መጣች። ኤርጎ ወናፉ ፊት ተቀምጦ ፍም እያስነሳ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ክትርህን አየሁት» አለች።

«ጎርፍ ነው እማማ። ጎርፍ ባለቤት የለውም።»

«ጎርፍ የለውም። ድንጋይ ግን አለው። በእኔ በኩል ዝቅ አድርገህ ነው የካብከው።»

ኤርጎ የሚክድበት ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ድንጋይ አለቀብኝ ሊል። ቃሉ አልወጣ አለው። «አዎ» አለ። «አውቄ ነው።»

አበዛሽ መዶሻ የሚያሳርፍበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ደከመው ሰው። «ዘጠኝ ነው የሄደው። ሁለቱ ዘንድሮ የሚቆረጡ ነበሩ።»

«ማኅበሩ ዘንድ ይክሰሱኝ።»

«ከስሼህ? አንተን ያስሩልኛል፣ ዶማዬን የሚስልልኝ አጣለሁ። ጎርፉን አያስሩት።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ንጉሤ ያለውን መሥራት ነው። ደቦ ጥራ።»

ኤርጎ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። «ደቦዬን ማን ይጠጣል? እርስዎ ይጠጣሉ? ያኔ ውሃ በቅጠል ያፈሰሱልኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ» አለች አበዛሽ። እርሷም አልካደችም። ዓይኗን ከእርሱ አላነሳችም፣ ይቅርታም አላለች። ጥቂት አስባ፣ «እንዲህ እናድርግ» አለች። «ቦርዴው እኔ ቤት ይጠመቅ፣ ጎደሬው እኔ ቤት ይቀቀል። በአንተ ስም ይጠራ፣ እኔ ጋ ይጠጣ። ሰው ሰበብ አይኖረውም።»

ይህ ለኤርጎ ከስድብ ሁሉ የከፋ ሆነበት። «በእኔ ስም የሚጠራ እኔ ቤት ይጠጣ» አለ። «ካልሆነ ይቅር።»

«ቤትህ ገደል ይግባ?»

«ይግባ።»

አበዛሽ ተነሣች። «እንግዲህ አስብበት» አለች። «ደመናው ግን አያስብም።»

በማግስቱ አበራ መጣ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ፣ «ሥራው ይሠራልህ እንጂ በማን ጋን ቢጠመቅ ምን ቸገረህ?» አለው።

«በማንም ጋን ይጠመቅ፣ ጋኑ የዘሪቱ ነው» አለ ኤርጎ። «እርስዎ ቤት ያሉት ሁለቱ ጋኖች የማን ናቸው ሊቀ መንበር?»

አበራ ጉሮሮውንም ሳይጠርግ ሄደ።

ነገሩን የቋጨችው ዘሪቱ ናት። ሸክላ የሚሠራ ሰው ጭቃው እስኪበስል ይጠብቃል እንጂ አይጨቃጨቅም፤ ሦስት ቀን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና በአራተኛው ገብስ ስትፈትግ አገኛት።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሰበባቸውን ልጨርስባቸው» አለች። «ጴንጤው ቦርዴ አልጠጣም ይላል፤ የቡና ቅጠል አፈላለታለሁ። ኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾም ነው ይላል፤ ጎመኑን ቅቤ አላስነካውም። ጥርስ የለኝም የሚል ሽማግሌ ይመጣል፤ ጎደሬው እስኪፈርስ ይቀቀላል። ከዚያ ወዲያ አልበላም የሚል ሰው፣ ለምን እንደማይበላ በአፉ ይናገር።»

«ባይናገርስ? ዝም ብሎ ቢሄድስ?»

«ያን ጊዜማ ቦርዴውን ሁለታችን ጠጥተን፣ ሰክረን፣ እየዘፈንን ቦረቦሩ ውስጥ እንገባለና።»

ኤርጎ ሳይወድ ሳቀ። ኋላ ላይ ለሰው ሲያወራ ከሁሉ በፊት ማመስገን የነበረብኝ እሷን ነው ይላል፤ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ምስጋና የሚደርሰው በመጨረሻ ነው።

ዘሪቱ ሄዳ ሐሳቧን ብትነግራት፣ ጥሪውን ቤት ለቤት ያዳረሰችው አበዛሽ ነበረች። «ሐሙስ የኤርጎ ደቦ ነው» ትላለች። «የማን?» ሲሏት ትደግመዋለች። «መጠጡስ የት ነው?» ሲሏት «ገደሉ ዳር፣ ዘሪቱ ታቀርባለች» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ሐሙስ ጠዋት ኤርጎ ከሦስት ሰው በላይ አልጠበቀም። ሃያ አንድ መጣ። ንጉሤም ውሃ ልክና ሲባጎ ይዞ ከጂንካ ደረሰ። ኤርጎ ወናፉንና ፍሙን አውጥቶ ገደሉ ዳር ተክሎ ነበር፤ ዶማ ቢሰበር እዚያው ሊጠግን። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ገደሉ ወረደና የካበውን ክትር በእጁ ማፍረስ ጀመረ። «ይህን እኔ ላፍርሰው» አለ ሊያግዙት ለመጡት። ማንም ለምን አላለውም፤ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ንጉሤ ሲባጎውን ከቦረቦሩ አናት በላይ ሲዘረጋ ክሩ የአበዛሽን እንሰት መሃል ለመሃል አቋረጠው። ንጉሤ ቆም አለ። ወደ ላይ ቢያወጣው አለት ነው፣ ወደ ታች ቢያወርደው ውሃው ተመልሶ ገደሉ ውስጥ ይገባል። «እማማ፣ መንገዱ ይኸው ነው» አላት እያፈረ። «ከአሥራ አምስት ያላነሰ እንሰት ይሄድብዎታል።»

አበዛሽ ሲባጎውን በዓይኗ ተከተለችው። ዘጠኙን ጎርፍ ወስዶባታል፤ ይህ ሲጨመር የጓሮዋ ግማሽ ነው። ኤርጎ ከገደሉ ውስጥ ሆኖ ያያታል። እምቢ ብትል እርሱ አንድም ቃል መናገር እንደማይችል ያውቃል፤ ክትሩን ያዘነበለው እርሱ ነው። አሥራ አራቱ እርምጃ በሴትዮዋ አፍ ላይ ቆሟል።

«በጎርፍ ከሚሄድ በእጄ ይሂድ» አለች። ዶማ ተቀብላ የመጀመሪያውን ራሷ ከሥሩ ቆረጠችው። እንሰቱ ሲወድቅ ሥሩን ከፈለችና ተሸክማ ወደ ዘሪቱ ጉልቻ ሄደች። «ቀቅይው፣ ለሠራተኛው» አለቻት። ዘሪቱ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ረፋዱ ላይ ዘሪቱ ለወንድይፍራው ቦርዴ ብትዘረጋለት «ከቀትር በፊት አልቀምስም፣ ጾም ነው» አለ። ኤርጎ ከወናፉ ሥር ሰማው። ይኸው፣ አለ በሆዱ፤ አንድ። ስሙን ቂሙ ውስጥ ጻፈው።

ቀትር ሆነ። ሥራው ቆመ። ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ተቀመጠና መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። የጎመኑ ጢስ ይወጣል፣ የእንሰቱ ሥር ይበስላል፣ የሚነሳ ሰው ግን የለም። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። ኤርጎ ወናፉን ይዞ ማናፋት የማያስፈልገውን ፍም ያናፋል፤ እጁ ሥራ ካልያዘ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

አበዛሽ ተነሥታ ወደ ዘሪቱ ሄደች። እርሷ ጴንጤ ናት፣ ቦርዴ አትጠጣም። «የቡና ቅጠሉን ስጪኝ» አለች። ዘሪቱ በቅል ቀዳችላት። ቅሉ የዘሪቱ ቅል ነበር። አበዛሽ አፏ ላይ አድርጋ አንዴ ተጎንጭቶ እንደሚተው ሰው ሳይሆን እስከ ሥሩ ጠጣችው። አፏን በእጇ ጠረገች።

«ዘሪቱ፣ ጨው አብዝተሻል» አለች።

«ቦርዴው እንዲያምራችሁ ብዬ ነው» አለች ዘሪቱ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ቀጥሎ ሌላው። ኤርጎ አልሳቀም። ጨው በዛ የሚባለው የሰው ምግብ ነው፤ ሰው የጎረቤቱን ወጥ ነው የሚያማው። በሕይወቱ ሙሉ ማንም የቤቱን ጨው አምቶበት አያውቅም። ጢሱ ነው እንዲሉት ፊቱን ወደ ፍሙ አዞረ።

አበራ ጉሮሮውን ጠረገና «ለእኔም» አለ። ወንድይፍራው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «አናት ላይ ደረሰች አይደል?» ብሎ ቦርዴውን ተቀበለ፤ ጨልጦ ቅሉን መለሰ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጋኑን ገዝቼ ሙያውን ትቼው እሄድ የነበርኩት ምን ሆኜ ነው? ድገሚኝ።» ሰውየው የእውነት ጾም ይዞ ነበር። ኤርጎ የጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ መሰረዝ ነበረበት፤ እንዴት እንደሚሰረዝ ግን አልተማረም፤ ከበሩ ሥር አላሳዩትም።

ሁሉም አልጠጣም። አምስት ሰዎች ዶማቸውን አስቀምጠው ወደ ምንጩ ወረዱ፣ በእፍኛቸው ጠጡ፣ ያመጡትን ቆሎ ቆረጠሙ፣ ተመልሰው እንደማንኛውም ሰው ሲሠሩ ዋሉ። ኤርጎ አምስቱን ቆጠረ። ከዚያ ሳያስበው አሥራ ስድስቱን ቆጠረ። አሥራ ስድስቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ ልክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከአምስቱ የአንዱ ዶማ ተሰበረ። ሰውየው ይዞት መጥቶ ወናፉ አጠገብ ቆመ። ኤርጎ ተቀብሎ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ስሎ መለሰለት፤ ከሌላው አላሳነሰበትም።

ሐሙስና ዓርብ ሠሩ። ቦዩ ተቆፈረ። ገደሉ ውስጥ ሦስት ክትር ተሠራ። ንጉሤ እያንዳንዱ ካብ በሁለቱም ዳርቻ አንድ ክንድ ተቆፍሮ እንዲቀበር አስደረገ፤ «መሃሉ ዝቅ፣ ሁለቱ ጎን እኩል» እያለ በሲባጎ ለካ። ያን ሲል ወደ ኤርጎ አላየም። ለዚያም ምስጋና ይገባዋል።

በመጋቢት ሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እውነተኛው መጣ። ተራራው ጠቆረ፣ ጎርፉ ከላይ አገሳ። ኤርጎ እየሮጠ ወጣ። ቦዩ ሞልቶ ቀይ ውሃ ወደ አለታማው ሣር ይተፋል፤ ገደሉ ውስጥ የሚገባው የድሮው ሲሶ ቢሆን ነው። ላይኛው ክትር ያዘ። መካከለኛው ግን አንድ ጎኑ ተላቀቀና ድንጋይ እያንከባለለ መሄድ ጀመረ። ኤርጎ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ግንድ ሲደግፍ አጠገቡ ሌላ ትከሻ ተሰማው፤ ወንድይፍራው ነው። ከላይ አበዛሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ድንጋይ ታቀብላለች። ከእርሷ የሚቀበለው ሰው፣ በዝናቡ መሃል አጥርቶ ሲያየው፣ ዶማው የተሰበረው ያ ከአምስቱ አንዱ ሆነ። ማንም አልጠራቸውም። የሚጠጣም የሚበላም አልቀረበም።

ዝናቡ ሲያባራ ኤርጎ ከበሩ እስከ ገደሉ በእርምጃ ለካ። አሥራ ሁለት። ሁለት እርምጃ ሄዷል፤ ቤቱ አለ፣ ቡናው አለ፣ የቀረውም ጎደሬ አለ። ታችኛው ክትር ጀርባ ወፍራም ቀይ ደለል ተኝቷል፤ ወደ ነሪ ያልወረደ አፈር።

ሦስቱ ሰዎች ጭቃ ሆነው ደጁ ላይ ቆመዋል። ኤርጎ አንድ ነገር ማለት እንዳለበት አወቀ። ስድብ ቢሆን አይቸግረውም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ለአበዛሽ። ለወንድይፍራውም አለ። ለሦስተኛውም አለ፤ ያኛው አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው።

«ምን አልክ?» አለ ወንድይፍራው ጆሮውን እየጠረገ። «ኤርጎ አመሰገነ? እንግዲህ ነገ በረዶ ነው፣ ከብቶቻችሁን አስገቡ።»

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ንጉሤ ክትሮቹን ሊያይ መጣ። ታችኛው ክትር ጀርባ ደለሉ የቤት ወለል የሚያህል ጠፍጣፋ ጥቁር ቀይ መሬት ሠርቷል፤ በቀበሌው እንደዚያ ያለ ለም አፈር የለም። አዲስ መሬት ነውና ማኅበሩ የማን እንደሆነ መወሰን ነበረበት። ሰው ተሰበሰበ። ንጉሤ በሜትር ለካና «ወደ ኤርጎ ይዞታ ነው የሚያደላው፤ ከሱ በኩል ብዙ ተበልቷል» አለ። አበራ ወደ ኤርጎ ዞረ። ሰው ሁሉ ኤርጎ እንደሚወስደው ያውቅ ነበር፤ የሚከራከረውም አልነበረም።

«የአበዛሽ ይሁን» አለ ኤርጎ።

አበዛሽ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ምጽዋት ነው?»

«አይደለም እማማ። እንሰትዎን የወሰደው እኔ ያዘነበልኩት ድንጋይ ነው። ቦዩም በጓሮዎ ነው ያለፈው። እንዲያው ቆጥሬ ቆጥሬ የደረስኩበት ይኸው ነው፤ ይውሰዱልኝ። ካልወሰዱልኝ እንቅልፍ አልተኛም» አለ።

አበራ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ተወሰነ።

በማግስቱ አበዛሽ የእንሰት ችግኝ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገደሉ ወረደች። ኤርጎ ዶማውን ይዞ ተከተላት፤ ማንም ና አላለውም፣ ማንም አትምጣ አላለውም። ደለሉ ለስላሳ ነው፣ ዶማው እንደ ቅቤ ይገባል። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኙን አቆመና አፈር መለሰበት፣ ሁለተኛውን አጠገቡ ጀመረ።

«አራርቀህ ትከል» አለች አበዛሽ። «እንሰት ሲያድግ ቦታ ይፈልጋል። ብረት ትቀጠቅጣለህ እንጂ ይህን ማን አስተማረህ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቃል ሃያ ዓመት ይቆየው ነበር። ኤርጎ ከጀመረው ጉድጓድ ዶማውን አውጥቶ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«እዚህ?»

«ትንሽ ወደዚያ።»

ትንሽ ወደዚያ ሄደና ቆፈረ።